የአማቴ ተከራዮች

አማቴ እኔን ከሰው ጋር ሲያስተዋውቁ «የልጄ ሚስት ናት፤ የፍሳሽ ሐኪም» ይላሉ። ስድብ አይደለም፤ ሙገሳም ነው ብዬ አልምልም። የምሠራው የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከገንዳው አንድ ጠብታ እቀዳና በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በዚያች ጠብታ ውስጥ መላ አካላቸው ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተሠራ፣ እጅ የሌላቸው፣ ዓይን የሌላቸው፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ምግብ ፍለጋ የሚባዝኑ ፍጥረታት አሉ። በቆሻሻው ላይ የሚራባውን ባክቴሪያ የሚለቅሙልን እነሱ ናቸው። ጠግበው ሲርመሰመሱ ካየሁ ገንዳው ደህና ነው፤ ከጠፉ ግን አንዱ ፋብሪካ ጉዱን ለቆብናል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪም መባሌ ያን ያህል ውሸት የለበትም።

አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የማንንም እጅ የማያዩ ሴት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ግራ እጃቸው፣ ግራ እግራቸውና ግራ ፊታቸው ድንገት አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ቤት ከርመው ሲወጡ እኛ ቤት ገቡ፤ ባሌ አንድ ልጃቸው ነው። እግራቸው ተመለሰ። ምላሳቸውማ ከሁሉም ቀድሞ ነው የተመለሰው። እጃቸው ትንሽ ይሰንፋል፣ ከንፈራቸውም በግራ በኩል ወረድ ብሎ ቀረ። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ የከፋው መክሳታቸው ነበር። ቀሚሳቸው በየሳምንቱ ይሰፋባቸዋል። ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ ሚዛኑን አይቶ «በሚቀጥለው ከዚህ ከወረደ አልጋ ይይዛሉ፤ በአፍንጫ ቱቦ አስገብተን ነው የምንመግብዎት» አላቸው።

«ከዚያ በፊት ይቅበሩኝ» አሉ አማቴ። ቀልድ አልነበረም።

ነገሩ ግራ ያጋባ ነበር። ምግባቸውን ክፍላቸው ወስጄ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ በሩን ዘግቼ እንድወጣ ያዙኛል። «ሰው ፊት መብላት ድሮም አልወድም» ይላሉ። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ሳህኑ ተሟጦ፣ ተጠርጎ፣ መታጠብ የማያስፈልገው መስሎ ይጠብቀኛል። ሳህኑ ባዶ፣ እሳቸውም ወደ ባዶነት። ባሌ «ሰው ፊት አልወድም አለች?» ብሎ ሳቀብኝ። «እማዬ እኮ ሰው ካልከበባት እህል የማይወርድላት ሴት ናት።» ሳቁ ብዙ አልቆየም። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በየማዞሪያው ስልክ እያነሳ «በላች?» ይለኛል። «በላች» እለዋለሁ። ሌላ በሽታ ይሆናል ብለን ደም አስመረመርን፣ ሆዳቸውን ራጅ አስነሳን። ምንም አልተገኘም። እኔ ደግሞ ለመዋጥ ይቀላቸዋል ብዬ በየቀኑ ካሮት ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ ወፍራም ሾርባ እሠራለሁ።

ተከራዮቹ የገቡት በዚህ መሃል ነው።

ቤተ ሙከራችን ቀለም ሊቀባ ሆነ። ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ የማረባቸው፣ ከኩሬ ውሃ የተቀዱ ፍጥረታት በአንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አሉኝ፤ የቀለም ሽታ ይፈጃቸዋል ብዬ ከአሮጌው ማይክሮስኮፕ ጋር ወደ ቤት ይዣቸው መጣሁ። ብርሃን እንጂ ፀሐይ የማይገባው መስኮት ያለው ደግሞ በአማቴ ክፍል ብቻ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ከአልጋቸው ቀና ብለው።

«ሕይወት ያላቸው ናቸው፣ እማማ። ቀለሙ እስኪደርቅ እዚህ ይቀመጡልኝ።»

«የሽንት ቤቶቹን ነው ያመጣሽብኝ?»

«ኧረ የኩሬ ናቸው! ንጹሕ ናቸው።»

«ኪራይ ይከፍላሉ?»

«አይከፍሉም።»

«እንግዲያው እንዳይንጫጩብኝ።»

ጠርሙሱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ አንድ ፍሬ ቅቅል ሩዝ ጣል አደረግሁበት። አማቴ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይቺ ለስንት ነው?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም! በአንዲት ፍሬ! አንቺ ቤት የመጣ እንግዳ ወዮለት።»

ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ሩዙን እነሱ አይበሉትም፤ ሩዙን የሚበላው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ደግሞ ፓራሚሲየም የሚባለው፣ የጫማ ሶል የመሰለው ይበላዋል፤ ዙሪያውን ፀጉር አለው፣ በፀጉሩ ውሃውን እየጠረገ ምግቡን ወደ አፉ ይሰበስባል። እሱን ደግሞ አሜባው ይበላዋል። ምግብ ከበዛ ባክቴሪያው ከልክ በላይ ይራባል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ሁሉም ይታፈናሉ። ስለዚህ ለእነሱ ትንሽ መስጠት ነው ደግነቱ። አማቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የገባቸው መስሎኝ ወጣሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ ጠርሙሱን ሳየው ውሃው ነጭ ደመና ሆኗል። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፤ ተኝተዋል ማለት እንኳ ይከብዳል፣ እስትንፋሳቸው የነቃ ሰው ነው። ጠርሙሱን ወደ ኩሽና ወስጄ አንድ ጠብታ የመስታወት ስላይድ ላይ አደረግሁና ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከልኩ።

ባክቴሪያው እንደ ጉም ሞልቶታል። ፓራሚሲየሞቹ አየር ፍለጋ ወደ ጠብታዋ ዳርቻ ተሰብስበው ይጋፋሉ። እነዚህ ፍጥረታት የዋጡትን በሰውነታቸው ውስጥ በትንንሽ ክብ ከረጢት ነው የሚይዙት፤ ገላቸው ደግሞ ጥርት ያለ ስለሆነ ማን ምን እንደ በላ ይታያል። አንዱን ተከተልኩት። ሆዱ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች ብርቱካናማ ናቸው። ሌላውን አየሁ፤ እሱም ብርቱካናማ። ሁሉም።

ዓይኔን አነሳሁ። ምድጃው ላይ የካሮት ሾርባዬ ይንተከተካል።

የመጀመሪያው ሐሳቤ አንድ ሰው ጠርሙሴን አበላሸብኝ የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ሾርባ የሚተርፈው ሳይበላ ሲቀር ነው። በኩሽናው መስኮት ወደ ጓሮው አየሁ። የጎረቤት ድመት በአማቴ መስኮት ሥር ተጋድማ መዳፏን ትልሳለች። ከዚህ በፊት ቆዳና አጥንት የነበረች ድመት አሁን ቅልብ ሰንጋ አክላለች። ስንት ጊዜ አይቻት «ጎረቤቶቻችን ደግ ሆነዋል» ብያለሁ።

እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ገባሁ። አማቴ በዚህ መሃል ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ጭናቸው ላይ የነበረ ፎጣ በጥድፊያ ጎትተው ከጀርባቸው ደበቁ።

«እማማ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሾርባ የጨመረው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ሆዳቸው ውስጥ ካሮት አይቻለሁ» አልኩ።

«የማን ሆድ?»

«የተከራዮችዎ!»

ባዶውን የመስኮት ደፍ አዩ። «አሳባቂዎች» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ማንኪያ ናት። አንጀቴን በሉት። አንቺ አንዲት ፍሬ ሩዝ ወርውረሽላቸው ስትሄጂ ዝም ብዬ ልያቸው?»

«እሺ፣ አንዷ ማንኪያ ለእነሱ ትሁን። የቀረውስ?»

ድመቷ መስኮቱ ሥር መጥታ «ሚያው» አለች፤ ሰዓቷ ደርሶ ነበር መሰለኝ።

«ልጅዎ እኮ በየማዞሪያው እየቆመ ይደውልልኛል! ‹በላች?› ይለኛል፣ ‹በላች› እለዋለሁ። እኔ ቆሜ ስፈጭ፣ ስቀቅል፣ እርስዎ ለድመት! ሐሳብዎ መሞት ከሆነ ይንገሩንና አብረን እንወቀው!»

እንዲህ ነኝ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የምሰማው።

አማቴ አልተቆጡም። ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እጃቸውን አዩና «ማን ልሙት አለ?» አሉ። «ይፈስብኛል።»

«ምኑ?»

«የምበላው። በዚህ በኩል አይሰማኝም፤ ከንፈሬ አይገጥምልኝም። ዋጥኩት ስል ልብሴ ላይ አገኘዋለሁ። ስንቱን ሰው አልብሼ አሳምሬ፣ አሁን ልጄ ፊት ለሃጬን ላዝረክርክ?»

«ብቻዎን ሲሆኑስ? በሩ ዝግ ነው እኮ።»

«ፎጣውን ማን ያጥበዋል? እኔ በዚህ እጄ? አንቺ ነሽ የምታጥቢው። ታይዋለሽ። ካየሽ ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ ሲሰማ...» ፎጣውን ከጀርባቸው ይበልጥ ሸሸጉ። «ንጹሕ ሳህን ምንም አይናገርም።»

ከጀርባቸው የደበቁትን ፎጣ ሳብ አደረግሁት፤ ደርቆ ካሮት ቀለም ሆኗል። ፍራሹ ሥር ሌሎችም ነበሩ፣ እጥፍጥፍ ተደርገው፣ ጠርዛቸው ከጠርዝ ጋር ተስተካክሎ። መብላት ሞክረዋል ማለት ነው። ሞክረው፣ አፍረው፣ የእፍረታቸውን ማስረጃ አጣጥፈው ደብቀው፣ በመጨረሻ መራቡን መርጠዋል። እኔ የማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ወጥቼ ማይክሮስኮፑን ታቅፌ ተመለስኩ።

«ይምጡ። ያደረጉትን ላሳይዎት።»

«ገደልኳቸው?»

«ገና ነው። ይምጡ።»

መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላቸው፤ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ብርሃኑ አዞርኩ። ሰው መጀመሪያ ቀን ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ያጣል። እሳቸው ግን በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው፤ ጎንበስ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ወዲያው አዩ።

«ወይኔ!» አሉ። «ምን ያጣድፋቸዋል?»

«ራብ ነው።»

«ይሄ ዝም ብሎ ፈስሶ የተቀመጠውስ?»

«አሜባ ነው። እያደነ ነው።»

«ይሄ? ቅርፁ የታለ?»

«ቅርፅ የለውም፣ እማማ። እንደፈለገው ነው የሚሆነው።»

«ያለ ልኬት!» አሉ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ቅር ብሏቸው። «አፉስ?»

«አፍም የለው።»

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አልነቀሉም። ድምፃቸው ግን ተለወጠ። «እና በምን ይበላል?»

«በገላው። የሚበላውን ሲያገኝ ገላውን ይዘረጋል፤ ክንድ አወጣ ያሰኛል። ከግራም ከቀኝም ዞሮ አቅፎ ወደ ውስጡ ያስገባዋል። ያቀፈበት ቦታ ያኔውኑ ሆዱ ይሆናል።»

ለሁለት ማየት አይቻልምና ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። የኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ እንዲህ አይተጋም። «አንዱ ጫማ ወደ እሱ እየመጣ ነው... አላየውም... ዘረጋ! በዚህ በኩል ዘረጋ... በዚያም... ሊገጥም ነው፣ ሊገጥም ነው... ውይ!»

«ምነው?»

«አመለጠው! ከአፉ ወጣ! አፍሶት እርፍ!»

ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማሁም፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። በግራ በኩል ከከንፈራቸው ምራቅ ወርዶ አገጫቸው ላይ ደረሰ፤ እሳቸው አላወቁም፣ ዓይናቸው ሥራ ላይ ነው።

«አሁንስ ምን እየሆነ ነው?» አልኩ።

«ተሰበሰበ። ዞረ። ሌላ እየፈለገ ነው።» ወደ ማይክሮስኮፑ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «አላፈረም።»

«ምን ያሳፍረዋል፣ እማማ? ርቦታል።»

ቀና አሉ። አገጫቸውን ሲነኩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። አዩኝ። ፊቴን ላዞር ቃጣኝ፤ ግን አላዞርኩም። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ምን እንደገባቸው አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

«ያቺን ሾርባሽን አምጪያት» አሉ በመጨረሻ።

ሮጥኩ። ሾርባውን ይዤ ስመጣ ፎጣ አንገታቸው ሥር አድርገው ጠበቁኝ። ማንኪያውን በደህናው እጃቸው ያዙ። «ፊትሽን አታዙሪ» አሉ። «አፍጥጠሽም አትይኝ።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«አንቺም ብይ!»

ሌላ ማንኪያ አምጥቼ ከዚያው ሳህን እየተሻማን በላን። እውነቱን ለመናገር ሾርባዬ ጨው የለውም ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ድመቷ ብቻ ናት ሳታማርር የበላችው። ለእሳቸው ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ፎጣው ላይ ቀረ፤ ስለ ፎጣው ማንም ምንም አላለም። «አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ» ስላቸው «ዝም በይ፣ እየበላሁ ነው» ይሉኛል።

ከጠርሙሱ የላይኛውን የቆሸሸ ውሃ ቀድቼ በንጹሕ ተካሁት። ብዙዎቹ አልቀዋል፤ የቀሩት ግን ለሁለት እየተከፈሉ ተባዙና ቀስ በቀስ ቤታቸውን ሞሉት። ቀለሙ ደርቆ ወደ ሥራ ቦታዬ ስመልሳቸው አማቴ በር ድረስ ሸኙን፤ «ሩዝ አታብዢባቸው» ብለው እኔኑ አስጠነቀቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ለምሳ ብቅ እያልኩ ምሳቸው ከእኔ ጋር ሆነ። በደህናው ጎናቸው ማኘክ፣ ራሳቸውን ዘንበል ማድረግ ተለማመዱ። ፎጣው ግን ክብራቸውን ይነካ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ጨርቅ አስገዝተው፣ እሳቸው እየለኩ እኔ እየቆረጥኩ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት የሚወርድ ኮሌታ ያለው መከለያ አሰፉኝ። ሦስቴ አስፈቱኝ። «ስፌትሽም እንደ ሥራሽ ፍሳሽ ነው» አሉኝ። ሲያልቅ ግን የትልቅ ሰው ልብስ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታም። ባሌ ቤት ሲኖር አይበሉም። እራት ሲቀርብ «ምሳ ከብዶኛል» ብለው ክፍላቸው ይገባሉ። እኔም አልነገርኩትም፤ አትንገሪው ብለውኛል። እሱ «በላች?» ሲለኝ አሁን «በላች» የምለው እውነት ነው፤ ድምፄ ግን ከውሸቱ ጊዜ ምን እንደተለየ እሱ በምን ይወቅ? በሌሊት ከቤት የሚወጣው ሰውዬ ማታ ሲገባ የሚያየው የእናቱን ዝግ በር ነው። «ምን አድርጌያት ነው?» አለኝ አንድ ቀን። «ከእኔ ጋር ቁጭ ማለት ጠላች።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አማቴ ሚዛኑ ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሊወጡ ሞከሩ፤ ሐኪሙ ነቃባቸው። አውልቀውም ቢሆን ቁጥሩ አልወረደም፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወጥቷል። ሐኪሙ ሁለቴ አየው።

«ቱቦውን ለጊዜው ትተነዋል» አለ። «ምን አደረጋችሁ?»

«ሐኪም ቀየርኩ» አሉ አማቴ፣ ጫማቸውን እያደረጉ።

በታክሲ ስንመለስ ቀልዱ ጠፋ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብቻ ያያሉ። ቤት ልንደርስ ስንል «ልጄ ሕፃን ሆኖ እህል ይጠላ ነበር» አሉኝ። «እየተከተልኩ፣ እየለመንኩ ነው ያሳደግኩት። እሱ እኔን ሲለምን ማየት አልችልም።» እጃቸውን ያዝኩ። የያዝኩት የማይሰማቸውን እጅ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ እሱንም አልለቀቅኩትም።

ማታ ባሌ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሚዛኑን ጠየቀ፣ ነገርኩት፣ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ለሁለታችን እራት አቀረብኩ። ገና ማንኪያ ሳናነሳ የክፍሉ በር ተከፈተ። አማቴ ጥቁሩን መከለያ አድርገው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጡና ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሳህን አመጣሁ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ደህና ገባ። በሁለተኛው ሾርባው ከከንፈራቸው ጥግ ወጥቶ በአገጫቸው ወረደ። ባሌ አየ። ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊያብስላቸው ብድግ ሊል ሲል ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፣ እንዳይነሣ አድርጌ።

አማቴ አልተደበቁም። በመከለያው ጠርዝ አገጫቸውን በቀስታ ጠረጉ፣ ልጃቸውንም ቀጥ ብለው አዩት።

«ምን ታየኛለህ? እኔ አንተን ከዚህ ብሶ አይቼሃለሁ» አሉት። «ይበርድብሃል። ብላ።»

ማንኪያውን አነሳ። እንባው ሳህኑ ውስጥ እየገባ፣ እንደ ታዘዘ ልጅ ጎንበስ ብሎ በላ። የሦስት ሰው ማንኪያ ብቻ ነበር የሚሰማው። አማቴ ጨረሱና ባዶ ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።